ውርርዱ ዳኛ ያስፈልገዋል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ከተሞች አንድ አዲስ ንግድ ተስፋፍቷል። ሸቀጡ አይታይም፤ አይመዘንም፤ ጎተራም አይሞላም። ሻጩ የሚሸጠው ተስፋ ነው፤ ገዢውም ባብዛኛው እንደ እኛ ያለ ወጣት ነው። በሕግ ቋንቋ የስፖርት ውርርድ፣ በሕዝብ አፍ ደግሞ ቤቲንግ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝ አገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚደረገውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ማን እንደሚያሸንፍ ገምቶ ገንዘብ ማስያዝ። ግምቱ ከሠመረ ገንዘቡ ተባዝቶ ይመለሳል፤ ካልሠመረ ቀልጦ ይቀራል።

ይህ ነገር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ቢፈቀድስ በምን ሥርዓት? የሚለው ጥያቄ በመኝታ ቤታችንም በምግብ አዳራሹም ሲያከራክረን ሰንብቷል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው «ኃጢአት ነውና ከሥሩ ይነቀል» ይላል። ሁለተኛው «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ማንን ምን አገባው?» ብሎ ይመልሳል። እኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ግን በሁለቱም መልስ አልረካንም። ስለዚህ ሦስተኛ አሳብ ይዘን ቀርበናል፤ አንባቢም ሰምቶ ይፍረደን።

በመጀመሪያ ነገሩ እኛን ለምን እንደሚመለከተን እንናገር። የመንዝ ገበሬ ሳይወድ በግድ ከሰማይ ጋር የሚወራረድ ሰው ነው። በልጉ ከዘነበለት ገብሱን ያገባል፤ በልጉ ከቀረ ወይም ውርጭ ከመታው ዘሩንም ያጣል። ይህን ስለሚያውቅ ያለውን ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ አይጥልም። በግ ያረባል። ጠጉሩ ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሆናል፤ በጉም በክፉ ቀን ተሸጦ እህል ይገዛል። በግ ለደጋው ሰው የክፉ ቀን መጠባበቂያው፣ ባንኩ ማለት ነው። ልጁ ወደ ዩኒቨርስቲ ሲላክም የሚሸጠው ይኸው በግ ነው። የመሳፈሪያው፣ የደብተሩና የሳሙናው ገንዘብ ከዚያ ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ገበያ ተነሥቶ በልጁ ስልክ ውስጥ ይገባል፤ ከስልኩም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደማይታወቅ ቋት ይፈስሳል። አባት ከሰማይ ጋር የሚያደርገውን ውርርድ ለመቀነስ ሲል ያረባውን በግ፣ ልጅ አይቶት በማያውቀው ቡድን ላይ ያስይዘዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ አይደለምን? እንዲህ ያለውን ጉዳት የምናውቀው በወሬ ብቻ አይደለም፤ የምግብ ገንዘቡን አስይዞ ሳምንቱን ሙሉ በጓደኛ ትከሻ የተረፈ ተማሪ በመካከላችን አለ። ስሙን አንጠራም፤ ስሙ ብዙ ነውና።

ውርርድ ለአገራችን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ቃሉ ራሱ ከአባቶቻችን ችሎት የመጣ ነው። በቀድሞው ሙግት ሁለት ባላጋሮች በነገሩ አንድ ነጥብ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ «እንዲህ ካልሆነ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ» እያሉ ይወራረዱ ነበር። የርስት ሙግት በበዛበት በመንዝ ይህ ልማድ ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሲያጫውቱን አድገናል። ያ ውርርድ ግን ሦስት ነገሮች ነበሩት። የሚደረገው በአደባባይ፣ ሰው እየሰማ ነው። የተያዘው ነገር አስቀድሞ በስም ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ዳኛ ነበረበት።

አንድ ሌላም ትምህርት አለው። ከሁለቱ ተሟጋቾች የትኛውም ይርታ የትኛው፣ የተረታው የሚከፍለው ማር ወደ ዳኛው ቤት ይገባ ነበር። አባቶቻችን «ከውርርድ የሚጠቀመው ማን ነው?» ብለው ቢጠየቁ መልሱን ያውቁት ነበር። የዛሬው ወጣት ግን አያውቀውም፤ ወይም እንዲያውቀው አልተደረገም። ስለዚህ በትንሽ ሒሳብ እናስረዳ።

ሁለት ብቻ ውጤት ያለው፣ ዕድሉም እኩል ለእኩል የሆነ አንድ ውርርድ እናስብ። አንድ ሰው 100 ብር በአንደኛው ወገን፣ ሌላ ሰው 100 ብር በሁለተኛው ወገን ያስይዛል። ቤቱ ላሸነፈው 1.85 እጥፍ እከፍላለሁ ይላል፤ ይህ ቁጥር ኦድ የሚባለው ነው። ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ 185 ብር ከፈለ፤ 15 ብር ቀረለት። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ ቤቱን አያስጨንቀውም። ማሩ ወደ እርሱ ገብቷል።

ወጣቱ ደግሞ በአንድ ጨዋታ አይወሰንም። ዐሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ ይደረድራል፤ በዚሁ ኦድ 10 ብር 4,695 ብር ያህል ይሆንለታል ይባላል። ይህን ሲያይ ልቡ ይመታል። ዳሩ ግን እኩል ለእኩል የሆኑ ዐሥር ግምቶችን አንድ ሳይስት የመምታት ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። እንግዲያው ትክክለኛው ክፍያ 10,240 ብር መሆን ነበረበት። ከግማሽ የሚበልጠው ገንዘብ ኳሷ ሳትነካ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎበታል፤ ከተረፈውም ላይ ሌላ ቅናሽ መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። ከዐሥሩ ዘጠኙ ደርሰው አንዱ ሲቀር «ትኬቱ ተቃጠለ» ይባላል። ልጁም «ለጥቂት አመለጠኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አገኘዋለሁ» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን በሒሳቡ ዘጠኝ ብቻ የመምታት ዕድል ዐሥሩን ከመምታት ዕድል ዐሥር እጅ ይበልጣል። «ለጥቂት አመለጠኝ» የሚያሰኘው የልጁ ችሎታ ወይም ዕጣው ሳይሆን የጨዋታው ተፈጥሮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የዛሬይቱ ላም በየሳምንቱ መኖ መጠየቋ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በአገራችን መንግሥት ከዕድል ጨዋታ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ. ም. ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ኳሱና ሎተሪው በአንድ ዓመት ቢገጣጠሙም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር። የሎተሪው መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ሲቋቋም፣ ሎተሪ ራሱ እንዲያካሒድም፣ ለሌሎች ፈቃድ እንዲሰጥና እንዲቆጣጠርም ሥልጣን ተሰጠው። የስፖርት ውርርድ ቤቶችም ፈቃዳቸውን ያገኙት በዚሁ በር ገብተው ነው።

እኛ ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል እንላለን። ሻጭና ዳኛ አንድ ሰው ሊሆን አይገባም። የዕድል ጨዋታ ሸጦ ገቢ እንዲያስገባ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት፣ ያንኑ ጨዋታ እንዲገታ ሲታዘዝ ከሁለት ጌታ ጋር ይኖራል። የፈቃዱ ቁጥር በበዛ መጠን ገቢው ይበዛል፤ ገቢው በበዛ መጠን ሥራው እንደ ተሳካ ይቈጠራል። የጠፋው የተማሪ ገንዘብ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ይህን ስንል በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ላይ ክፋት እየፈለግን አይደለም፤ ደግ ሰው እንኳ ቢቀመጥበት ወንበሩ ራሱ ያዘነብላል ማለታችን ነው።

የመከልከሉ መንገድ ደግሞ ተሞክሯል። በ2015 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ወደ ማሸግ ሔዶ ነበር። ብዙ ወላጆች ተደሰቱ፤ ደስታቸውም አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀሩ። አንደኛ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተከፈተ ቤት በከተማ ትእዛዝ የሚታሸግ ከሆነ ሕጉ የትኛው ነው? ዛሬ በትእዛዝ የታሸገው ነገ በትእዛዝ ሊከፈት ይችላልና ሕዝቡ ሕግን ሳይሆን የሹሙን ፊት እያየ ይኖራል። ሁለተኛ፣ በሩ ቢታሸግ ስልኩን ማን ያሽገዋል? ቴሌብር ሥራውን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ. ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ከወንበር መነሣት እንኳ አያስፈልግም። የታሸገው ቤት ቢያንስ በርና ባለቤት ነበረው፤ እናት ሔዳ ልጇን ከዚያ ልትጎትተው ትችል ነበር። በስልክ ውስጥ ያለው ቤት ግን በር የለውም፤ ልጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ይገባበታል።

የጎረቤቶቻችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በኬንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የተቋቋመው ስፖርትፔሳ የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገንኖ በ2017 የእንግሊዙን የኤቨርተንን ማሊያ ስፖንሰር እስከ ማድረግ ደረሰ። በ2019 የኬንያ መንግሥት ከግብር ጋር በተያያዘ ክርክር የ27 ውርርድ ኩባንያዎችን ፈቃድ ሳያድስ ቀረ። ስፖርትፔሳም ለአገሩ እግር ኳስ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ፤ እንደ ጎር ማሂያ ያሉ ታላላቅ ክለቦች እንጀራቸው በአንድ ቀን ተነሣ። መጀመሪያ ያለ ልክ መልቀቅ፣ ኋላም ድንገት መቁረጥ፤ ሁለቱም ጎዱ። የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒም በዚያው በ2019 ለአዲስ የውርርድ ኩባንያዎች ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዙ።

ብሪታንያ የውርርድ ሱቆችን በሕግ የፈቀደችው በ1960 በወጣ ሕግ ነው። ሱቆቹም በ1961 ተከፈቱ። ከስድሳ ዓመት በኋላም ገና ስታርም ስታጠብቅም ትታያለች። በ2005 ባወጣችው ሕግ ራሱን የቻለ የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አቋቋመች፤ ኮሚሽኑ ሎተሪ አይሸጥም፤ ሎተሪ የሚያካሒደውን ኩባንያ ይቆጣጠራል እንጂ። በ2020 በብድር ካርድ መወራረድን ከለከለች። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም በ2023 ባደረጉት ስምምነት፣ የ2025 – 26 የውድድር ዘመን ሲያበቃ የቁማር ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሣት ወሰኑ። አስተውሉ፦ ወጣቶቻችን ጥሪታቸውን የሚያስይዙበት ሊግ ባለቤቶች እንኳ ነገሩ ልክ እንዲኖረው ተስማምተዋል። እኛስ ምን እንጠብቃለን?

መፍትሔውን ከባሕር ማዶ ብቻ መለመን የለብንም፤ በደጃችን አለ። በመንዝ ጌራ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በማኅበር ሲጠበቅ የኖረ ነው። ጓሳው ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይፈለግ ነበር። አባቶቻችን «ማንም አይንካው» አላሉም፤ ያለ ሣር ቤት አይከደንምና። «ማንም እንደ ወደደ ይጨደው» አላሉም፤ በአንድ ዓመት ያልቃልና። ጠባቂ መረጡ፤ ምድሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘጉ፤ የሚከፈትበትን ጊዜ ለሁሉ አሳወቁ፤ ያለ ጊዜው የገባውን ቀጡ። ጠባቂውም የሚጠብቀው በሕዝቡ ፊት ነበር። ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ምድሩ ተጎዳ፤ የአካባቢው ሕዝብም ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ። ጓሳው እስከ ዛሬ ያለው በዚህ ነው። የሚጓጓለትን ነገር ልክ አበጅቶ መያዝ ለመንዝ ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይህ ነው፤ የስፖርት ውርርድ ለመላው አገሪቱ በአንድ አዋጅ ይፈቀድ፤ ነገር ግን በሚከተለው ሥርዓት ይታሰር።

አንደኛ፣ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አካል ራሱ ምንም ዓይነት የዕድል ጨዋታ የማይሸጥ፣ ገቢውም ከውርርዱ መጠን ጋር የማይወጣና የማይወርድ ይሁን። ሪፖርቱንም በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ያቅርብ፤ የተሰበሰበውን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ የተበላውንም ጭምር።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በራሱ መታወቂያ ካልሆነ አይወራረድ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ. ም. ወጥቷል፤ ፋይዳ ለባንክና ለስልክ ከዋለ ለዚህም ይዋል። ለአንድ ሰው አንድ መዝገብ፣ ለአንድ መዝገብም በወር ሊበላ የሚችለው ገንዘብ ልክ ይኑረው። ልኩ ሲሞላ ስልኩ ራሱ «በቃህ» ይበለው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ በታላቅ ወንድሙ ስም እንዳይገባም ቁጥጥሩ በተወራራጁ ሳይሆን በቤቱ ላይ ይጥበቅ፤ ሕፃን ያስገባ ቤት ፈቃዱን ያጣ።

ሦስተኛ፣ በብድር መወራረድ ጨርሶ ይከልከል። ዛሬ በስልክ ብድር መውሰድ ቀላል ሆኗል፤ ብድሩና ውርርዱ በአንድ ስልክ ውስጥ ከተገናኙ ጉድጓዱ ወለል የለውም።

አራተኛ፣ የሲጋራ ፓኮ ማስጠንቀቂያ እንደሚለጠፍበት፣ በየትኬቱ ላይም የማሸነፍ ዕድሉና የቤቱ ድርሻ ተወራራጁ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። «10 ብር ያስይዙ፤ 4,695 ብር ያግኙ» የሚል ሁሉ ከጎኑ «ዕድልዎ ከ1,024 አንድ ነው» የሚለውን በዚያው ፊደል መጠን ያትም። ማስታወቂያም በትምህርት ቤት አጠገብና በስፖርት ፕሮግራሞች መካከል አይነገር።

አምስተኛ፣ ከዚህ የሚገኘው ግብር ወደ ጠቅላላ ቋት ገብቶ አይጥፋ። ከፊሉ ለየወረዳው የስፖርት ሜዳ ይዋል፤ የሞላሌና የራቤል ልጅ የሌላውን አገር ኳስ ከሚያስይዝ የራሱን ኳስ ይምታ። ከፊሉም በዚህ ሱስ ለታመሙት ሕክምና ይሁን፤ ሱሱ ሕመም ነውና በየጤና ጣቢያው የሚመክር የሠለጠነ ሰው ይኑር።

ስድስተኛ፣ ሕጉ በአዲስ አበባም፣ በደብረ ብርሃንም፣ በመሐል ሜዳም አንድ ይሁን። በአንዱ ከተማ ተከልክሎ በሌላው የሚፈቀድ ነገር የሚያሳድገው ሕግን ሳይሆን የአውቶቡስ ገበያን ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን እናውቃለን። የሃይማኖት አባቶቻችን ነገሩን በሥሩ ይኮንኑታል። ቃላቸውን እናከብራለን፤ እንዲያውም ተወራራጁን ከሕግ ይልቅ የሚመልሰው የእነርሱ ምክር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኃጢአትን ሁሉ በፖሊስ ማስቀረት እንደማይቻል እነርሱም ያውቁታል። የሕግ ሥራ የጉዳቱን መጠን ማሳነስ ነው፤ የነፍስ ሥራ ለእነርሱ ይቀራል። ሌሎች ደግሞ «ውርርድ ሥራ ፈጥሯል፤ ግብርም ያስገባል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ትኬት ቆራጭ ሆኖ እንጀራ የበላ ወጣት አለ። ግን አንድ ቆራጭ እንዲቀጠር ስንት ቆራጭ ኪስ መራቆት እንዳለበት ሒሳቡን ከላይ አሳይተናል። ገቢ ብቻውን ለፈቃድ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። «መንግሥት ይህን ሁሉ ሥርዓት ጽፎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይፈጽመውም፤ ስለዚህ ፈቃዱ ብቻ ይቀራል» ይባላል። ይህን ስጋት አንንቀውም፤ በወረቀት ያማረ በመሬት የጠፋ መመሪያ ብዙ አይተናልና። ስለዚህም አቋማችንን በዚህ እንቋጨዋለን፤ ሥርዓቱ ቀድሞ ይቁም፤ ፈቃዱ ኋላ ይምጣ። ተቆጣጣሪው ሳይቋቋም፣ የመታወቂያው ማጣሪያ ሳይዘረጋ፣ የወሩ ልክ በስልኩ ላይ ሳይሠራ፣ አንድም ፈቃድ አይሰጥ፤ የተሰጠውም አይታደስ። ጓሳው መጀመሪያ ጠባቂ ተመረጠለት፤ ማጭዱ ከዚያ በኋላ ገባ እንጂ አስቀድሞ አልገባም።

ለእኛ ለተማሪዎቹም አንድ ቃል አለን። ሒሳብ የተማርን ነን። የ1,024ቱን ዕድል ለመቁጠር ፕሮፌሰር አያስፈልገንም። ወደ አገራችን ለዕረፍት ስንሔድ ይህን ሒሳብ ለታናናሾቻችን በገበያው ዳርና በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም እናስረዳ። በግ አርብቶ የላከን ገበሬ የኦድን ነገር ባያውቅ አይፈረድበትም፤ እኛ አውቀን ዝም ብንል ግን ይፈረድብናል።

አዋጁ እስኪወጣ ድረስ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ በግ ከአንድ ጋጣ እየጎደለ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እናሳስባለን።